ሽቦ መቀጠል ጥገና አይደለም!

ለእድራችን አባላትና ለአካባቢው ነዋሪዎች በሙሉ፤

እንደሚታወቀው የማኅበራችን አሮጌ ቶዮታ ፒክአፕ የለቅሶ ድንኳንና አግዳሚ የምታመላልስ፣ በሌሊት የታመመ ሰው ሲኖርም ከሰንዳፋ በለገዳዲና በለገጣፎ በኩል አዲስ አበባ የምታደርስ ናት። ኳድሮዋ ከተበላሸ ሁለት ወር ሆነው። ቁልፉ አልዞር ሲል አንዱ በካቻቢቴ ታግሎ ሰበረው፤ ሌላው ደግሞ ሽቦውን ከመሪው ሥር ጎትቶ ቀጠለና የደወል መጫኛ የመሰለ ነገር ገጠመላት። ከዚያ ወዲህ «ዋናው መነሳቷ ነው፣ ምን ያጨቃጭቀናል» የሚሉ አባላት በዝተዋል። እኛ ግን ይህን አባባል አጥብቀን እንቃወማለን!

ኳድሮ የአምፖል ማብሪያ አይደለም። ቁልፉ ሲዞር ሁለት ሥራ ይሠራል። ከኋላው ያለው የኤሌክትሪክ ክፍል መብራቱን፣ ሞተሩንና ሞተሪኖውን በየተራ ያገናኛል፤ ሌላው ክፍል ደግሞ መሪውን የሚቆልፈውን ብረት ከዘንጉ ያወጣል። ሽቦ የቀጠለው ሰው የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አልነካም። ብረቱ እዚያው ነው። የያዘው የተሰባበረ ነገር ስለሆነ፣ በመንገድ ላይ ተስፈንጥሮ ዘንጉ ውስጥ ቢገባ መሪው ድርቅ ይላል። ያውም ታማሚ ተጭኖ፣ በጨለማ፣ ከፊት ሲኖትራክ እየመጣ!

ሌላም አለ። ሽቦው ቀጭን ከሆነ ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ እሳት ይነሳል። ሞተሩ ጠፍቶ ሽቦው ሳይለያይ ከተረሳ ባትሪው ያልቃል፣ ኮይሉም ሊቃጠል ይችላል። ልጆችስ? ባለፈው ወር መኪናዋ ማርሽ ውስጥ ገብታ እንደቆመች አንድ ሕፃን መጫኛውን ነካው፤ ዘላ የጎረቤት አጥር ጣለች። ሕፃኑን እግዜር አተረፈው። የቆርቆሮውን ማን ከፈለ? ያው እኛው ነን። «ዋናው መነሳቷ ነው» የሚሉት ወንድሞቻችን ያን ዕለት ድምፃቸው አልተሰማም።

«አሮጌ መኪና ናት» ማለትም ምክንያት አይሆንም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገለ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። ታዲያ ሌላ ከየት እናመጣለን? አዲስ መኪናም ቢሆን ከኳድሮ ጣጣ አያመልጥም። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2006 ዓ.ም. 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪና ለጥገና መልሶ የጠራው፣ እየተነዱ ሳለ ኳድሮው ወደ ኋላ ተመልሶ ሞተር ስለሚያጠፋ ነበር። የቁልፍ ማንጠልጠያው ክብደት እንኳ ይስበው ነበር። ለ124 ሰዎች ሞት ካሳ ተፈቅዷል። የእኛ ሾፌር ደግሞ የቤት ቁልፍ፣ የመጋዘን ቁልፍ፣ የጠርሙስ መክፈቻ ሁሉ እዚያው ላይ ያንጠለጥላል!

ጥገናው ተአምር አይደለም። ቁልፍ አልዞር ሲል መጀመሪያ መሪውን ወዲያና ወዲህ ትንሽ እየነቀነቁ መሞከር ነው፤ ብዙ ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም፣ የመቆለፊያው ብረት ስለተወጠረ ነው። (ይህን የሚያውቅ ሰው ያን ቀን አጠገቧ ቢኖር ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ።) ቁልፉ እየዞረ መብራት ከሌለ የተበላሸው የኋላው ክፍል ሊሆን ይችላል፤ እሱ ለብቻው ይለወጣል። የእኛዋ ግን ቤቱ ራሱ ስለተሰነጠቀ፣ ባትሪው ተፈትቶ፣ አናት የሌላቸው ብሎኖች በድሪል ወጥተው ሙሉው መቀየር አለበት። ያረጀ ቁልፍ አስቀርጾ «አዲስ ነው» ማለትም አይሠራም፤ ማለቁም አብሮ ይቀረጻል። ከተገጠመ በኋላም መሪው ከዳር እስከ ዳር ሳይዞርና ሳይሞከር መንገድ አትወጣም።

በመሆኑም የሙሉ ኳድሮው መዋጮ በመጪው እሑድ ስብሰባ ይቀርባል። የምትቃወሙ ቀርባችሁ ተናገሩ እንጂ በየቡናው አይሁን። ሽቦውን ትናንት ነቅለነዋል፤ መኪናዋም እስክትሠራ ትቆማለች። እስከዚያ ለቅሶ ቢደርስ ድንኳኑን በጋሪ እንወስዳለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ