አገርን መውደድ ዝም ማለት አይደለም

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



ጦርነት በተነሳ ቁጥር «ከሃዲ» የሚል ስም አብሮ ይነሳል። «ለምን እንዋጋለን?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ ይለጠፍበታል። ይህ በአምባገነኖች አገር ብቻ የሚሆን አይምሰለን፤ በዴሞክራሲዋ በምትኮራው አሜሪካም ሆኗል። ሙሐመድ ዐሊ ምስክራችን ነው።

ኤፕሪል 28 ቀን 1967 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮኑ ዐሊ፣ በቬትናም ጦርነት ዘመን ለግዳጅ ውትድርና ሂዩስተን ከተማ ተጠርቶ ቀረበ። ስሙ ሲጠራ ግን «እምነቴ አይፈቅድልኝም» በማለት ወደ ፊት አልራመድም አለ። በዚያው ቀን የኒውዮርክ የቦክስ ኮሚሽን ፈቃዱን ነጠቀው። ሁለት ወር ሳይሞላም 5 ዓመት እስራትና 10,000 ዶላር ተፈረደበት። ፓስፖርቱንም ተቀማ።

አልሸሸም፤ ጠብም አላነሳም። በዋስ ሆኖ ይግባኙን እየተከታተለ በየዩኒቨርሲቲው እየዞረ ሐሳቡን ተናገረ። ጁን 28 ቀን 1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ8 ለ0 ድምፅ ፍርዱን ሻረው። ሆኖም ከ25 ዓመቱ ጀምሮ ለሦስት ዓመት ተኩል ያህል ከውድድር ታግዶ ነበርና ያንን የጉልምስና ጉልበቱን የሚመልስለት ዳኛ አልነበረም።

ልጆችም ተቀጥተዋል። በ1965 በአይዋ ግዛት በዴሞይን ከተማ፣ በዚያው ጦርነት ለሞቱት ለማዘን ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ያሰሩ ተማሪዎች ከትምህርት ታገዱ። በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ2 ፈረደላቸው።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። የመናገር መብት በሕግ መጻፉ ብቻውን አያድንም፤ ዋጋውን ከፍሎ የሚጠይቀው ሰው ይሻል። የሚፈተነውም ሁሉም በሚስማማበት ዕለት ሳይሆን ሕዝብ ተቆጥቶ ከበሮ በሚመታበት ዕለት ነው። ዘግይቶ የመጣ ፍትሕ መልካም ቢሆንም፣ በጊዜው ሰሚ ጆሮ ቢገኝ ኖሮ ስንት ነፍስ በዳነ!

ስለዚህ ጀመዓዎቻችንን አደራ እንላለን። ስለ ጦርነት የተለየ ሐሳብ ያለው ወንድም ወይም እህት ሲናገር ስም አንለጥፍ፤ እንስማ፤ ካልተስማማንም በአደብ እንመልስ። ልጆቻችንም በጨዋነት መጠየቅን ከእኛ ይማሩ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በግፈኛ መሪ ፊት ሐቅን መናገርን ከትግሎች ሁሉ በላጭ አድርገውታልና።

አላህ ሐቅን የሚናገር አንደበት፣ ሐቅን የሚሰማ ልብ ይስጠን! አሚን።

አላሁ አክበር!