ለመተማ የትኛው ድሪል?

በሰሊጥ አጨዳ ባጠራቀማችሁት ብር ድሪል ገዝታችሁ ሥራ ልትጀምሩ ካሰባችሁ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ምን እንደምትበሱ እወቁ ባይ ነኝ። ተራው ድሪል ይዞራል እንጂ አይመታም፤ ለእንጨትና ለብረት ይበቃል። ሐመር ድሪል ውስጥ ሁለት ጥርሳም ዲስኮች እየተፋተጉ ፑንታውን ያንኳኩታል፤ ለብሎኬት ነው። ኮንክሪት ግን በታመቀ አየር የሚመታውን ሮታሪ ሐመር ይፈልጋል።

እኛ ቆላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ገንዳ ውሃም ሆነ መተማ ዮሐንስ መብራት ሲጠፋ የገመዱ ድሪል ሥራ ይፈታል፤ የባትሪው ይሠራል። የባትሪው ጠላት ሙቀት ነው፤ ሚያዝያ ላይ 40 ዲግሪ ሲደርስ ሊቲየም ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ ጀማሪ ሐመር ያለውን የባትሪ ድሪል ይግዛ እላለሁ፤ ባትሪውን ግን ፀሐይ ላይ አይተው፣ ቻርጅም ጥላ ውስጥ ያድርግ። ኮንክሪት ከመጣ ትልቁን ተከራዩ፤ በትንሹ ከታገላችሁ የሚቃጠለው ሞተሩ ብቻ ሳይሆን የሰሊጥ ብራችሁም ነው።