ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ

ሰው ለባልንጀራው መልካም ለማድረግ የሚያስብበት ጊዜ ብዙ ነው፤ መልካሙን ሥራ የሚሠራበትን ስፍራ የሚያገኝበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። በልብ የታሰበው ነገር ወደ እጅ ሳይደርስ በመንገድ የሚቀረው ሁልጊዜ ከስስት ወይም ከስንፍና የተነሣ አይደለም። ወደ ማን እንደሚሄድ፥ በየትኛው ቀን እንደሚሄድ፥ ሄዶም ምን እንደሚሠራ የሚነግረው አጥቶ በቤቱ የተቀመጠ ሰው ብዙ ነው። ይህ ችግር በአገር ሁሉ ያለ ቢሆንም በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች፥ ይኸውም በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ፥ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ምክንያቱም የታወቀ ነው። በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታ፥ በአምቦ መንገድ ያለችው ቡራዩ፥ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ያለችው ሱሉልታ ቀድሞ ገበሬው እህሉንና ወተቱን፥ ድርቆሹንም ጭምር ወደ ዋናው ከተማ የሚልክባቸው ትንንሽ ከተሞች ነበሩ። ዛሬ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት ሞልቶባቸዋል፤ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ምድር ባቡርም መነሻው ሰበታ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሦስቱም ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋራ ሸገር ከተማ በተባለው አስተዳደር ውስጥ ተጠቃለዋል። ዳሩ ግን ከነዋሪው ብዙው ሌሊቱን እንጂ ቀኑን በከተማው አያሳልፍም። የቤት ኪራይ ቀለል ስላለለት መጥቶ የሰፈረው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ሲመሽ ተመልሶ በሩን ይዘጋል። ጎረቤቱን በመልክ እንጂ በስም አያውቀውም። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ልቡ ተነሣሥቶ «ወገኔን ልርዳ» ሲል፥ የሚያውቀው በቴሌቪዥን ያየውን፥ በአዲስ አበባ ያለውን ስመ ጥሩ የአረጋውያን መጦሪያ ብቻ ነው። ወደዚያ መሄዱ አይነቀፍም፤ ነገር ግን ከቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ ርቃ የምትኖረው ጧሪ የሌላት አሮጊት ውሃ የሚቀዳላት አታገኝም።

በእነዚህ ከተሞች የመረዳጃ ማኅበር የለም ማለት አይደለም። ሳይነገርላቸው የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ዕድር ዳኛ አለው፥ ጸሐፊ አለው፥ ገንዘብ ያዥ አለው፥ የአባላት መዝገብ አለው፤ ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳኑንና ወንበሩን ይዞ የሚደርሰው እርሱ ነው። በመንደሩ ማን እንደ ታመመ፥ ማን ልጆች ትቶ እንደ ሞተ፥ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ ከቀበሌው መዝገብ ይልቅ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ አጥርቶ ያውቀዋል። የኤድስ በሽታ በከተሞች ብዙ ወላጆችን በፈጀ ጊዜ ከአዲስ አበባ ዕድሮች ብዙዎቹ ከቀብር ሥራ ወደ ሕያዋን ተሻግረው ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ወደ መርዳት ገብተዋል። በአገሬው ሕዝብ ዘንድም ጅጊና ደቦ፥ የተቸገረውን ወገን ከብትና እህል አዋጥቶ የሚያቋቁመው ቡሳ ጎኖፋ፥ የሰውን ልጅ እንደ ራስ ልጅ አድርጎ የሚያሳድገው ጉዲፈቻ ከጥንት የነበሩ ሥርዓቶች ናቸው፤ ቡሳ ጎኖፋንም የኦሮሚያ ክልል መንግሥት በቅርብ ዓመታት በተቋም መልክ አደራጅቶታል። በየአጥቢያው ሰንበቴውና ሰንበት ትምህርት ቤቱ፥ በየመስጊዱም የዘካው ሥርዓት አለ። እንግዲህ መጤው ነዋሪ የሚያስፈልገው አዲስ ማኅበር ማቋቋም ሳይሆን ያለውን ማወቅ ነው። ሁለት ሰው በተገናኘ ቁጥር ማኅተም እያስቀረጹ አዲስ ማኅበር ማቆም በዚህ ዘመን የበዛ ልማድ ሆኗል፤ ከማኅተሙ በኋላ የሚከተለው ሥራ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም።

ከሁሉ ይልቅ በሰበታ አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ የእርሱ ነገር ለዚህ ጉዳይ ዋና ማስረጃ ስለ ሆነ ጥቂት ሊነገርለት ይገባል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመው የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ዓይነ ስውራን ልጆችን በአዳሪነት ሲያስተምር ኖሯል። ስሙ የግዕዝ ነው፤ የዕውራን መሪ ማለት ነው። ከዚህ ቤት ወጥተው መምህር፥ የሕግ ሰው፥ የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አሉ። የሚማሩበት ጽሕፈት ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1829 ዓ.ም. መጽሐፍ ጽፎ ያስታወቀው፥ ስድስት ነጥቦችን በማፈራረቅ በጣት ተዳስሶ የሚነበበው ነው። ይህ ጽሕፈት ወፍራም ወረቀትና ሰፊ ገጽ ይፈልጋልና፥ አንድ ተራ መጽሐፍ ወደ ብሬል ሲገለበጥ ብዙ ጥራዝ ይሆናል። ስለዚህ ተማሪው የሚያስፈልገውን መጽሐፍ ሁሉ በብሬል ማግኘት አይቻለውም፤ ወደ ላይኛው ክፍል በወጣ ቁጥርም እጥረቱ ይብስበታል። የሚቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ዓይን ያለው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እንዲያነብለት፥ ወይም ድምፁን ቀርጾ እንዲተውለት።

እንግዲህ ይህን ሥራ የሚከለክል ምን አለ? ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሐኪም ወይም መሐንዲስ መሆንም አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፥ ጥሩ ንባብና ትዕግሥት ብቻ ይበቃል። ሊቃውንቱ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ብርሃን ያጣው ተማሪ ዜማውንና ቅኔውን በጆሮው ተቀብሎ፥ ባልንጀራው ሲያነብ እየሰማ በቃሉ ይዞ፥ በኋላ ራሱ መምህር ሆኖ ወንበር ሲዘረጋ የታየው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለምና። ያን ጊዜ አንባቢው ደመወዝ አልነበረውም፤ ከቁራሹ የሚያካፍለው የትምህርት ጓደኛው ነበር። ዛሬ በሰበታ ንባብ የሚያውቅ ሰው በሺሕ ሲቈጠር፥ የሚያነብለት ያጣ ተማሪ መገኘት የለበትም።

ዳሩ ግን ብዙ ሰው ወደ እንዲህ ያለ ቤት የሚሄደው በዓል ሲሆን ነው። በትንሣኤና በእንቁጣጣሽ ማግስት ዳቦና ለስላሳ፥ ያረጀ ልብስም ይዞ ይመጣል፤ ከልጆቹ ጋራ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ አይታይም። ስጦታው መልካም ነው። ነገር ግን ልጅ የሚመጣውንና የሚሄደውን እንግዳ ሁሉ መውደድ እየጀመረ በመለየት ሲጐዳ የሚያድግ ከሆነ፥ መልካም አሳቢው ሳያውቅ በደል ሠርቷል። ይልቁንም ወላጅ በሌላቸው ልጆች ላይ ይህ ጥንቃቄ ይገባል። በሰበታ የጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል እናቶች እንዲህ ያሉትን ልጆች ሲያሳድጉና ሲያስተምሩ የኖሩት ቀን በቀን ባለመለየት ነው እንጂ በበዓል ጉብኝት አይደለም። በቡራዩ በኩልም በገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ አለ፤ ዘመድ የማይጠይቀው ሕመምተኛ የሚናፍቀው የሚያጫውተውን ሰው ነው፤ እርሱም አስቀድሞ ከባለሙያዎቹ ምክር ተቀብሎ፥ ቀኑን ሳያጓድል የሚመላለስ መሆን አለበት። ስለዚህ ፈቃደኛ የሆነ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ «ምን ይዤ ልምጣ» ሳይሆን «ምን ጐድሎባችኋል፥ ለስንት ጊዜስ ታስፈልጉኛላችሁ» የሚል ቢሆን ይሻላል።

ይህ ነገር በዓለምም በአገራችንም ከጥንት የመጣ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለድኆችና ለሕሙማን ቤት ሠርቶ ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲቋቋም የጣልያን ጦር በድንበር ተሰልፎ ይጠባበቅ ነበር፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ጦርነቱ በተነሣ ጊዜም የቈሰለውን ያነሡት በገዛ ፈቃዳቸው የመጡ ሰዎች ጭምር ናቸው። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ገደማ ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ ሄደው፥ በወሎ ረኃብ እናቱ ከሞተችበት ሕፃን ጋራ ሲገናኙ፥ ማኅበርም በጀትም አልነበራቸውም። ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ሃያ አንድ ደረሱ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ በሺሕ የሚቈጠር ሰው እናቴ ይላቸው ነበር። እርሳቸው የሚረዱትን ያገኙት በመዝገብ ፈልገው አይደለም፤ ነገር ግን ሁሉ ሰው በመንገዱ እንዲህ ያለ ነገር እስኪገጥመው ይጠብቅ ማለት አይቻልም።

ለሹማምንት ደግሞ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይታወጃል፤ የአረጋውያን ቤት ይታደሳል፥ ችግኝ ይተከላል፥ ደም ይለገሳል። ከዚህ የተገኘው ጥቅም የሚካድ አይደለም፤ ጣሪያዋ የተለወጠላት ባልቴት በዝናብ ጊዜ ታመሰግናለች። ሆኖም አንዳንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን በደብዳቤ ጠርቶ፥ የመጣውንና የቀረውን በስም ይዞ፥ ቍጥሩን ወደ ላይ ለማስተላለፍ ሲቸኩል፥ ፈቃዱ ይቀርና ትእዛዙ ብቻ ይቀራል። በደብዳቤ የተጠራ ሰው ፈቃደኛ አይባልም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ስልሳ ሺሕ የሚያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ሲላክ፥ በደስታ ሄዶ ለገበሬው ፊደል ያስቈጠረ እንደ ነበረ ሁሉ፥ ሳይወድ ሄዶ መንገድ ሲያገኝ የጠፋም ነበር። ስለዚህ የሹም ሥራ ሰውን መጐተት ሳይሆን በር መክፈትና መንገድ ማሳየት ነው። ቍጥርም ካስፈለገ፥ በሐምሌ የመጣው ስንት እንደ ሆነ ከመቍጠር ይልቅ በጥር ያልቀረው ስንት እንደ ሆነ ቢቈጠር የሥራው እውነተኛ መልክ ይታወቃል።

ሕጉ በዚህ ረገድ መንገዱን አቅንቶታል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቍጥር 1113/2011 የቀድሞውን ጠባብ ሕግ ሽሮ፥ ማኅበራት በሰፊው እንዲሠሩ ፈቅዷል፤ ለአስተዳደር ሥራ የሚወጣው ወጪም ከጠቅላላው ከመቶ ሃያ እንዳይበልጥ ወስኗል። እንግዲህ ድርጅት ነኝ ብሎ ሰው የሚጠራና ገንዘብ የሚሰበስብ ሁሉ የምዝገባ ወረቀቱን ሲጠየቅ ማሳየት አለበት፤ ጠያቂውም ሊያፍር አይገባውም። የድኻውን ፎቶግራፍ እያሳየ ለራሱ የሚሰበስብ አታላይ በየጊዜው ስለሚነሣ፥ ምዝገባውን ከባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ጥርጣሬ ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ዕድርና ሰንበቴ ግን በሌላ ይታወቃሉ፤ ምስክራቸው ጎረቤት ነው።

ስለዚህ በሦስቱ ከተሞች ቢደረግ የሚጠቅመው ነገር ብዙ ወጪ የለበትም። በየወረዳው ያለው የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በአካባቢው ያሉትን ዕድሮች፥ የተመዘገቡትን ድርጅቶች፥ ትምህርት ቤቶችንና ጤና ጣቢያዎችን ጠይቆ፥ ምን ዓይነት ሰው፥ በየትኛው ቀን፥ ለስንት ሰዓት እንደሚፈልጉ በአንድ ወረቀት ቢጽፍ፥ ያም ወረቀት በአማርኛና በኦሮምኛ ተዘጋጅቶ በወረዳው ደጅ፥ በታክሲ መናኸሪያውና በገበያው ቢለጠፍ፥ ከአዲስ አበባ አምሽቶ የሚገባው ሠራተኛ ቆሞ ያነበዋል። ወረቀቱ በየሦስት ወሩ መታደስ አለበት፤ ያረጀ ማስታወቂያ ሰውን ወደ ተዘጋ በር ይሰዳልና። ካህናቱም ከቅዳሴ በኋላ ስለ ሕንፃው ማሠሪያና ስለ ንግሡ ሲያስታውቁ፥ በአጥቢያው የታመመውንና ጧሪ ያጣውን፥ አንባቢ የሚሻውንም ተማሪ ጨምረው ቢያስታውቁ፥ ሰሚ አያጡም። የዕድር ዳኞችም አዲስ ነዋሪ ሲመዘገብ ወርኃዊ መዋጮውን ብቻ ሳይሆን ሙያውንም ይጠይቁ፤ ነርስ፥ አናጢ፥ የሒሳብ መምህር፥ የሒሳብ መዝገብ የሚያውቅ ሰው በመካከላቸው ተቀምጦ ሳይታወቅ ሊኖር ይችላልና።

የመርሐ ዕውራን ነገር ግን ቀን አለው። የትምህርቱ ዘመን የሚከፈተው በመስከረም ስለ ሆነ፥ ለማንበብ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ስማቸውን፥ የሚያነቡትን ቋንቋና የሚመቻቸውን ቀን ለትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪ ነሐሴ ሳያልቅ ቢያስመዘግቡ፥ አስተዳዳሪውም እያንዳንዱን አንባቢ ከአንድ ተማሪ ጋራ አስቀድሞ ቢያገናኝ፥ የመጀመሪያው መጽሐፍ በመስቀል ሰሞን መነበብ ሊጀመር ይችላል።