የሥራ ጥሪው ተልኳል፤ ግን ደርሷልን?

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ጥያን ብዙዎቻችን የምናውቃት በትክል ድንጋዮቿ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ይህ ሥፍራ 36 ሐውልቶች ያሉት ሲሆን፣ 32ቱ የጎራዴና የሌሎች ምልክቶች ቅርጽ አለባቸው። ድንጋዩ የተሰጠውን አደራ ጠብቋል፤ ቅርጹ ዛሬም ይታያል። የጠፋው መፍቻው ነው። ከምልክቶቹ አብዛኞቹ ምን እንደሚሉ አረጋግጦ የሚያነብ የለም። መዝገብ መኖሩና መዝገቡ የሚነበብ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳን ምሳሌ አላገኘንም፤ የዛሬው ጉዳያችንም በዚያው መንገድ ዳር ስለሚኖር ሥራ ፈላጊ ወጣትና ስለ እርሱ ስለሚያዘው መዝገብ ነው።

ይህ ወጣት ቀደም ሲል የሚያደርገው ይታወቃል። በአዲስ ዘመን ወይም በሪፖርተር ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ያነብባል፤ የትምህርት ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ወደ ቡታጅራ፣ ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል፤ ከሳምንታት በኋላም ስሙ በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ እንደሆነ ለማየት ዳግመኛ የመሳፈሪያ ገንዘብ ያወጣል። ይህ አሠራር ፈጽሞ አልቀረም። ሰሌዳው ድካም ቢያበዛም አንድ በጎ ነገር አለው፦ የተለጠፈውን ሁሉም ያየዋል። ስሙ የተሰረዘበት ሰው አጠገቡ የቆመውን ምስክር ጠርቶ «ትናንት ነበርኩ፤ ዛሬ የለሁም» ማለት ይችላል።

አሁን ግን ማመልከቻው በድረ ገጽ ይሞላል፤ ጥሪውም በአጭር የስልክ መልእክት ወይም በኢ-ሜይል ይላካል። በመካከል ያለው የምልመላ ሶፍትዌር አመልካቾችን ይመዘግባል፣ ያጣራል፣ መልእክት ይልካል፣ የላከውንም በመረጃ ቋቱ ውስጥ ያሰፍራል። ሰሌዳው ሲቀር ምስክሩም አብሮ ቀረ። አመልካቹ «አልተጠራሁም» ቢል ሠራተኛው ኮምፒዩተሩን አይቶ «ተልኳል ይላል» ብሎ ይመልስለታል፤ ክርክሩም እዚያው ያበቃል። በእኛ እምነት ክርክሩ መጀመር ያለበት ከዚያ ነው።

ለመሆኑ «ተልኳል» የሚለው ቃል ምን ያረጋግጣል? መልእክቱ ከሶፍትዌሩ መውጣቱን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ቴሌኮም ድርጅቱ የመልእክት ማዕከል ይገባል፤ የተቀባዩ ስልክ ከተዘጋ ወይም ኔትወርክ ከሌለበት ሥፍራ ከሆነ እዚያው ይቆያል፤ የተወሰነለት ጊዜ ካለፈም ይሰረዛል። «ደርሷል» የሚባለው ስልኩ መልእክቱን መቀበሉን የሚያረጋግጥ ምላሽ ሲመለስ ነው። ይህንን ምላሽ የማይጠይቅ ወይም ጠይቆ የማይመዘግብ ሶፍትዌር የሚያውቀው የራሱን ሥራ ብቻ ነው።

በፊደላችን ስንጽፍ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ በ7 ቢት ኮድ 160 ምልክት ይበቃዋል፤ የግእዝ ፊደል ግን ለእያንዳንዱ ምልክት 2 ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ ይይዛል። ከዚያ ከበለጠ መልእክቱ እያንዳንዳቸው 67 ምልክት ወደሚይዙ ክፍሎች ይቆራረጣል። ስም፣ የሥራ መደብ፣ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ የያዘ ጨዋ የአማርኛ ጥሪ በቀላሉ ሦስት ክፍል ይሆናል። የፈተናው ቦታ ያለበት ሦስተኛው ክፍል መንገድ ላይ ቢቀር፣ የመጀመሪያውን ክፍል ምላሽ ብቻ ያየ ሶፍትዌር «ደርሷል» ብሎ ይመዘግባል። መዝገቡ አልዋሸም፤ እውነቱን ግን አልተናገረም።

ኢ-ሜይልም ከዚህ አይሻልም። የተቀባዩ ሰርቨር «ተቀብያለሁ» ማለቱ ደብዳቤው ከማስታወቂያ ክምር ጋር ተጥሎ እንዳልሆነ አያረጋግጥም። አንዳንድ ሶፍትዌሮች መነበቡን ለማወቅ በደብዳቤው ውስጥ በዓይን የማትታይ ትንሽ ሥዕል ይደብቃሉ፤ ሥዕሏ ስትጫን «ተነብቧል» ይላሉ። ይሁንና አፕል እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ባቀረበው የኢ-ሜይል ጥበቃ እንዲህ ያለው ሥዕል ሰው ባያነብም አስቀድሞ ሊጫን ይችላል። ስለዚህ «አንብቦ ቀረ» ተብሎ የሚወቀሰው አመልካች ደብዳቤውን ጨርሶ ሳያየው ሊሆን ይችላል።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ የእኛው ነው። «በ3፡00 ሰዓት ለፈተና ይቅረቡ» የሚል ጥሪ ለጥያው ወጣት ጠዋት ነው። በውጭ አገር የተሠራ ሶፍትዌር ይህንኑ ሰዓት 9፡00 ብሎ ያሳያል፤ በመዝገቡ ውስጥ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት 6፡00 ብሎ ያስቀምጠዋል። አንድ ቅጽበት፣ ሦስት ቁጥር! ሠራተኛው በስህተት 9፡00 ብሎ ከላከ ወጣቱ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ። ለዚህም ነው የተላከው ጽሑፍ ራሱ፣ ፊደል ሳይለወጥ፣ ከነሰዓት አቆጣጠሩ መቀመጥ አለበት የምንለው። «ጥሪ ቁጥር 2 ተልኳል» የሚል ኮድ ብቻውን እንደ ጥያ ድንጋይ ነው፤ የጥሪው ቅጽ ከተቀየረ በኋላ ማንም አይፈታውም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ መዝገቡ በኋላ እንዳልተነካካ በምን እናውቃለን? ኮምፒዩተር ሳይንስ ለዚህ የቆየ መፍትሔ አለው። ሐሽ የሚባለው ስሌት ማንኛውንም ጽሑፍ ወደ አጭር ቁጥር ይለውጣል፤ ከጽሑፉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። እያንዳንዱ መዝገብ የቀደመውን መዝገብ ሐሽ ከያዘ፣ መካከል ላይ ያለውን የሚለውጥ ሰው ተከታዮቹን ሁሉ ለመለወጥ ይገደዳል። ስቱዋርት ሄበርና ስኮት ስቶርኔታ ይህንን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1991 አሳተሙ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮም በእነርሱ ዘዴ የተሠራ አገልግሎት የሳምንቱን መዝገብ ሐሽ በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የማስታወቂያ ዓምድ ላይ ያትም ነበር። ታትሞ የተሰራጨን ጋዜጣ ማን ሰብስቦ ያርመዋል? እንደ እውነቱ ከሆነ ይህ የቀድሞው ሰሌዳ በሌላ መልክ መመለሱ ነው። የአገራችን ቀጣሪዎችም አንዲት መስመር ቁጥር በየሳምንቱ በጋዜጣ ለማተም የሚከብዳቸው አይመስለንም።

መዝገብ ማብዛት ስለላ ይሆናል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። የተደበቀችውን ሥዕል የምንቃወመው ስለማታስተማምን ብቻ አይደለም፤ አመልካቹ ሳያውቅ ስለምትከታተለውም ነው። መመዝገብ ያለበት ቀጣሪው ያደረገው እንጂ አመልካቹ በቤቱ ያደረገው አይደለም። ለዘላለምም መቀመጥ የለበትም። በአሜሪካ ሕግ የግል ቀጣሪዎች የምልመላ ሰነድን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያቆያሉ፤ አቤቱታ ለማቅረብ የሚበቃ ጊዜ ተሰጥቶ ከዚያ መሰረዝ ይቻላል።

በእኛም አገር መሠረቱ ተጥሏል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየት መብት እንዳለው ደንግጓል። ከሕጉ ወደ ሶፍትዌሩ ያለውን ርቀት የሚያሳጥሩት ግን ሕግ አውጪዎቹ አይደሉም፤ ዛሬ በኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍሎች የመመረቂያ ሥራቸውን የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል የምልመላ ሶፍትዌር ለመሥራት የመረጠ ካለ፣ ለአስተዳዳሪው ከሚያዘጋጀው ባለ ቀለም ገጽ በፊት አንድ ተራ ገጽ ይሥራልን፦ አመልካቹ ስልክ ቁጥሩንና የምዝገባ ቁጥሩን አስገብቶ፣ ምን እንደተላከለት፣ መቼ እንደተላከና መድረስ አለመድረሱን በገዛ ቋንቋው የሚያነብበት ገጽ።