የዝንጀሮ ልጅን በቤት ስለ ማሳደግ

የአፍደም ሰው ዝንጀሮን አሳምሮ ያውቃል። በዚህ በደረቁ ቈላ የሚኖረው ዝንጀሮ፥ ወንዱ በትከሻው ላይ እንደ ካባ የወረደ ነጭ ጠጉር አለው። ቀን ምግብ ሲፈልግ ይውላል፤ ሲመሽ በገደል ላይ ያድራል። ሐንስ ኩመር የተባለ የስዊስ አገር ሊቅ በ1960ና በ1961 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር፥ በባቡሩ መሥመር ላይ በምትገኘው በኤረር ጎታ አካባቢ ይህን እንስሳ መረመረ። አንዱ ወንድ ጥቂት ሴቶችንና ልጆቻቸውን ይዞ እንደ አንድ ቤተ ሰብ እንደሚኖር፥ ብዙዎች ቤተ ሰቦችም ማታ በአንድ ገደል እንደሚሰበሰቡ ጻፈ። እንግዲህ ዝንጀሮ ቤትና ዘመድ የሌለው ፍጥረት አይደለም።

ይህን ማለቴ ስለ አንድ ጎረቤቴ ነው። ይህ ሰው ከእረኞች እጅ አንዲት የዝንጀሮ ልጅ ገዛ። ወተት በጡጦ አጠጣት፥ ከልጆቹ ጋር በአንድ ምንጣፍ አስተኛት፥ «ልጄ» እያለም ጠራት። አንገቱን አቅፋ ስትተኛ ያየ ሁሉ ርኅራኄውን አመሰገነ፤ እኔም አመሰገንሁ። ነገር ግን «እናትዋ ወዴት ናት?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልተገኘም። የዝንጀሮ ልጅ ከእናትዋ ሆድ ተጣብቃ የምታድግ ናትና፥ እናቲቱ ሳትጐዳ ማን ሊወስዳት ይችላል?

ዓመታት ሲያልፉ ጥርስዋ በረታ። ሊጥ ገለበጠች፥ ዶሮ አነቀች፤ በመጨረሻም ታናሹ ልጅ ምግብዋን ቢነካባት እጁን ነከሰችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ልጄ» መባልዋ ቀረ፤ ወገብዋ በሰንሰለት ታስሮ ከግራር ሥር ዋለች። ወደ ገደሉ እንዳይመልሳት፥ መንጋው አያውቃትም፥ እርስዋም የመንጋውን ሥርዐት አልተማረችም። ማታ ዝንጀሮዎች ከሩቅ ሲጮኹ ፊትዋን ወደዚያ አዙራ ስትቀመጥ አይቻለሁ።

የተማሩ ሰዎችም ይህን ነገር ሞክረውታል። በ1931 በአሜሪካ ኬሎግ የተባለ መምህርና ሚስቱ፥ ጉዋ የምትባል የቺምፓንዚ ልጅ ከወንድ ልጃቸው ጋር እንደ እኅት አሳደጉ። ቺምፓንዚ በአገራችን የማይገኝ፥ ከዝንጀሮ ይልቅ ለሰው የሚቀርብ እንስሳ ነው። ጉዋ ልብስ ለበሰች፥ በማንኪያ በላች፤ መናገር ግን አልቻለችም። ይልቁንም ሕፃኑ የእርስዋን ጩኸት ይከተል ጀመር። ከዘጠኝ ወር በኋላ ከቤት ለዩአት፤ በ1933ም በሳንባ በሽታ ሞተች።

አንባቢ ሆይ፥ «ሙት ልጅ ሆና ባገኛትስ ልተዋት?» ትለኝ ይሆናል። አትተዋት፤ ለዱር አራዊት ጠባቂዎች አስረክባት። በሆለታ አጠገብ ያለው የእንስሳ ኮቴ ማዕከል እንደዚህ ያሉትን ይቀበላል። በገንዘብ ግን አትግዛ፤ የሚገዛ ባይኖር የሚያጠምድ አይኖርምና።

«መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» የሚለውን ተረት ስንስቅበት ኖረናል። እኔ ግን ዛሬ እንደ አቤቱታ እሰማዋለሁ። ስፍራዋን ነሥቶ ፍቅሩን የሚሰጣት ሰው፥ የሰጣት ከወሰደባት ያንሳል። እውነተኛ ርኅራኄ ፍጥረትን ሁሉ በተፈጠረበት ቦታ መውደድ ነው።