አፍ የሌለውስ ጤፍ አይቆላም?

ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ቀድታችሁ አንብቡት። ቤተሰቦቼም ይህን ገጽ እንደምታነቡ አውቃለሁ። አትደንግጡ፣ ደህና ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን ኢንቦክስ ጻፈልኝ። እዚሁ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ነው የሚኖረው። ልብስ ሰፊ ነው። የሰፋውን አይቻለሁ፤ እጁ ንጹሕ ነው። ለስደተኞች የተዘጋጀ የንግድ ሥልጠና ወስዶ ሲጨርስ፣ መነሻ ገንዘብ ለማግኘት ሰው ፊት ቆሞ በሦስት ደቂቃ ሥራውን እንዲያስተዋውቅ ተጠየቀ። ቆመ። መሬት መሬት እያየ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ደገማትና ተቀመጠ። «ስፌትህ ጥሩ ነው፣ ግን ራስህን መሸጥ አትችልም፤ ንግድ ላንተ አይሆንም» አሉት። አሁን ማሽኑን ሸጦ በደቡብ መስመር ለመውጣት ደላላ እያነጋገረ ነው።

ያ መስመር ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። በዲሴምበር 2022 ሉሳካ ዳርቻ መንገድ ላይ ተጥለው የተገኙትን የ27 ሰዎች አስከሬን ታስታውሳላችሁ። ያን ሰሞን ስንቱ ቤት ስልክ ሲጠብቅ እንዳደረም ታውቃላችሁ።

ለልጁ መልስ ከመስጠቴ በፊት ሁለት ቀን አሰብኩ። በኋላ ግን ለእሱ ብቻ ከምጽፍ ለሁላችንም ልጻፈው አልኩ። ምክንያቱም እኔም እንደ እሱ ነኝ።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ እዚህ ገጽ ላይ ስለ መታወቂያ፣ ስለ ፖሊስ አፈሳ፣ ስለ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ስጮህ ነው። «ይቺ ደግሞ መቼ አፍ አጣች?» ትሉ ይሆናል። ስጽፍ አፍ አለኝ። በአካል ያገኛችሁኝ ግን ታውቃላችሁ፤ የሰው ዓይን አላይም፣ ሰላምታ ላይ እቸኩላለሁ፣ ሰው ከበዛ ጥግ ፈልጌ እቀመጣለሁ ወይም ሳልሰናበት እወጣለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት የእህቴ ልጅ መናገር ስለዘገየበት ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። እኔ የገባሁት ለማስተርጎም ነበር። ሐኪሟ ጥያቄ ትደረድራለች፦ ድምፅ ይረብሸዋል? ሰው ዓይን ማየት ይከብደዋል? የለመደው ነገር ድንገት ሲለወጥበት ይጨነቃል? እህቴ ስትመልስ፣ እኔ ሳስተረጉም፣ ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ እኔ የሚወራ መሰለኝ። በኋላ ገንዘብ አጠራቅሜ ራሴም ተመረመርኩ። ኦቲዝም ነው።

በእንግሊዝኛው ኒውሮዳይቨርጀንት ይሉናል። አንጎላችን ከብዙው ሰው በተለየ መንገድ የሚሠራ ሰዎች ማለት ነው። ኦቲዝም አንዱ ነው፤ ትኩረት መሰብሰብ የሚያስቸግራቸው ኤዲኤችዲ ያለባቸው፣ ፊደል የሚምታታባቸው ዲስሌክሲያ ያለባቸውም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ የእናት ጥፋትም አይደለም። እማዬ፣ ይቺን የመጨረሻዋን ላንቺ ነው የጻፍኳት። «ለምን አደባባይ አወጣሽው?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ ጎረቤቱ ሁሉ «ኩሩ ናት» ሲለኝ ስንት ጊዜ እንደተከራከርሽልኝም አልረሳሁም። ኩሩ አልነበርኩም። አሁን ምክንያቱን አውቀነዋል።

ወደ ገበያው ልመለስ።

እንጀራዬ ሹሩባ ነው። «አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል» ይላል የአገራችን ሰው። የንግድ ሥልጠናዎቹም በሌላ ቋንቋ የሚሉት ይህንኑ ነው። ፈገግ በይ፣ ዓይን እያየሽ አውሪ፣ ላይቭ ግቢ፣ በየቀኑ ቲክቶክ ላይ ውጪ፣ ደንበኛሽን አጫውቻት። እኔም አመንኩና ሁሉንም ሞከርኩ። ኢስሊ ውስጥ አንድ ፀጉር ቤት ወንበር ተከራየሁ። ካስኩ ይጮኻል፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ የቀለሙ ሽታ አናት ይበጣል፣ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ያወራል። የእጄን ሥራ የወደደች ደንበኛ ሳትቀር «ምን አስቀይሜያት ነው?» ብላ ባለቤቷን ጠይቃ ሄደች። በአራት ወር ውስጥ የኪራይ ዕዳ ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ የባሰውንም ልንገራችሁ፤ ሌላውን ብቻ እየወቀስኩ እንዳይመስል። ለአንዲት ሙሽራ ቀብድ ተቀበልኩ። ሙሽራዋንና አንዲት ሚዜ ልሠራ ነበር የተስማማነው። ስደርስ ስድስት ሰው ይጠብቀኛል። ቤቱ በእልልታና በሙዚቃ ተሞልቷል። «አይሆንም» ማለት ነበረብኝ፤ ቃሉ ከአፌ አልወጣም። ጀመርኩ። ሦስተኛዋ ላይ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ጆሮዬ ደነቆረ፤ ማበጠሪያዬን ትቼ ወጣሁ። ሙሽራዋ ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ ሳይሠራ ቀረ። ቀብዱን በማግስቱ መለስኩ፣ ይቅርታም በጽሑፍ ጠየቅሁ። ይቅር ብላኛለች፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ የሠርግ ዘፈን ስሰማ ሆዴ ይረበሻል።

ያን ጊዜ «ንግድ ላንቺ አይሆንም» የሚለኝ ቢመጣ አምነው ነበር። ያተረፈችኝ አክስቴ ናት። «አንቺ ልጅ፣ ቀድመሽ ብትነግሪያቸው ኖሮ ስድስት ሰው ይጠብቅሽ ነበር?» አለችኝ። ይኸው ነው። ከሁሉም ሥልጠና የበለጠኝ ይህ አንድ ጥያቄ ነው።

በማግስቱ ለዋትሳፕ ስቴተስ ይህን ጻፍኩ፦

«ቤትሽ ድረስ መጥቼ ሹሩባ እሠራለሁ። ቀጭን 1,500፣ ወፍራም 1,000 ሺሊንግ፤ ዋጋው ቁርጥ ነው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ቤት ከሁለት ሰው በላይ አልሠራም። ስሠራ ብዙ አላወራም፤ ተኝተሽም፣ ፊልም እያየሽም መሠራት ትችያለሽ። በሰዓቱ እደርሳለሁ። ቀጠሮ በጽሑፍ ብቻ።»

ዘመዶቼ ሳቁብኝ። «አላወራም ብሎ ማስታወቂያ አለ እንዴ?» አሉኝ።

አለ። መጀመሪያ የመጣችው አራስ ናት፤ ሕፃኑ እንዲተኛላት ጸጥታ ትፈልጋለች። ቀጥላ የሌሊት ተረኛ የሆነች አስተናጋጅ መጣች፤ እኔ ስሠራት ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኛች። ከዚያ ስለ አገር ቤት ሁኔታ፣ ስለ ጉዳይዋ፣ «ፕሮሰስሽ ምን ደረሰ?» ተብሎ መጠየቅ የሰለቻት እህት መጣች። ፀጉር ቤት ውስጥ እነዚህ ጥያቄዎች ስንቶቻችንን እንደሚያቆስሉ ታውቃላችሁ። አንዲት እናትም ማበጠሪያ ስታይ የምትጮኽ ልጅ ይዛ ጠራችኝ። ልጅቷን ሳያት ገባኝ። ከመንካቴ በፊት እነግራታለሁ፣ ሁለት ጉንጉን ሠርቼ አርፋለሁ፣ ድንገት አልጎትታትም። በሁለት ቀን ከፍለን ጨረስን። እናትየው ለስንት ሰው እንደነገረች አልቆጠርኩም።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ማስታወቂያ ማለት ያልሆኑትን መምሰል አይደለም። አሠራራችንን አስቀድመን፣ በግልጽ፣ በጽሑፍ መናገርና የተናገርነውን መፈጸም ነው። ተጫዋች መስዬ ያመጣኋት ደንበኛ ተጫዋቿን ፈልጋ ነው የምትመጣው፤ ሦስት ሰዓት ማስመሰል አልችልም፣ ትሄዳለች። ዝምተኛ መሆኔን አውቃ የመጣችው ግን ትመለሳለች። የእኛ ገበያ ደግሞ የሚቆመው በምትመለሰዋ ደንበኛ ነው።

እኔን የጠቀሙኝን ሦስት ነገሮች ልጨምር።

አንደኛ፣ ፊት አላሳይም። የምለጥፈው ፎቶ የተሠራውን ራስ ከኋላ ብቻ ነው። ሹሩባ ደግሞ የሚያምረው ከኋላ ነው። እኛ ስደተኞች መልካችን በየስልኩ እንዲዞር የማንፈልግበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ደንበኞቼ ይህን ሲያውቁ ያምኑኛል። የእኔም ፊት ቪዲዮ ላይ መውጣት የለበትም።

ሁለተኛ፣ ከመውጣቴ በፊት የሚቀጥለውን ቀን እንይዛለን። ደውሎ «መቼ ልምጣ?» ማለት ለእኔ ተራራ ነው። ቀኑ ከተያዘ ግን አንዲት አጭር መልእክት ብቻ ነው የምልከው። ቀጠሮና ዋጋ ሁሉ ደብተሬ ላይ አለ፣ ክፍያ በኤም-ፔሳ ነው። ክርክር የለም፣ መርሳት የለም።

ሦስተኛ፣ አፍ ተውሻለሁ። የአክስቴ ልጅ ሰው ማነጋገር ይወዳል። የሚደውሉትን እሱ ያነሳል፣ አዲስ ደንበኛ ባመጣ ቁጥር መቶ ሺሊንግ ያገኛል። አንዳንዱ «ራስሽን ችለሽ አልሠራሽም» ይለኛል። ፎቅ የሚሠራው ግንበኛ ቤቱን ራሱ ነው የሚሸጠው? የሚናገር አለ፣ የሚሠራ አለ፤ ሁለቱም ይብሉ።

«ኦቲዝም እንዳለብሽ ከታወቀ ደንበኛ አታጪም?» ለምትሉኝ፦ ለደንበኛ የበሽታ ስም ይመስል ምርመራዬን አልነግርም። የምነግራት እንዴት እንደምሠራ ነው፤ እሱ ይበቃታል። ስሙን መናገር አለመናገር የእያንዳንዱ ሰው ምርጫ ነው። ስሙን ብትናገሩ በትዳር፣ በሥራ፣ በቤት ኪራይ የምትጎዱ ካላችሁ አትናገሩ፤ ማንም አያስገድዳችሁ። እኔ ዛሬ የተናገርኩት ያ ልጅ ብቻውን እንዳልሆነ እንዲያውቅ ነው። ይህ መንገድ ለሁሉም እንደማይሠራም አውቃለሁ። ከእኛ የበለጠ እርዳታ የሚፈልጉ፣ በቃል የማይናገሩ ልጆችና ጎልማሶች በየቤታችን አሉ። የእነሱ ጉዳይ በዋትሳፕ ስቴተስ አይፈታም።

ሥልጠና ለምትሰጡን ድርጅቶችም አንድ ቃል አለኝ። የ2021ዱ የኬንያ የስደተኞች ሕግ ሠርተን የመኖር መብታችንን በወረቀት ላይ አስፍሯል። በተግባር ያለውን ውጣ ውረድ ሁላችንም እናውቀዋለን። በዚያ ላይ እናንተ ደግሞ የመድረክ ፈተና አትጨምሩብን። ልብስ ሰፊን በንግግሩ ሳይሆን በሰፋው ልብስ መዝኑት። በጽሑፍ ያቅርብ፣ ወይም ተቀርጾ የመጣ ድምፁን ስሙት፣ ወይም ሦስት ደንበኞቹን ጠይቁ። ለዚህ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም።

ለእኛም ለራሳችን። ኦቲዝም ሲባል ሕፃን ልጅ ብቻ ነው የሚታየን። አገራችን ውስጥ ይህን ነገር ከጓዳ አውጥታ ያሳየችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናት። በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው፣ የራሷ ልጅ ኦቲዝም እንዳለበት ካወቀች በኋላ ነው። እሷም ከውጭ አገር ኑሮ የተመለሰች፣ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የነበራት፣ በፀጉርና በውበት ሥራ የምትታወቅ ነጋዴ ነበረች። በ2021 አጣናት፣ ነፍሷን ይማር። ያኔ ከጓዳ የወጡት ሕፃናት ግን ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ጎልማሳ ደግሞ እንጀራ ይፈልጋል። «ፈዛዛ»፣ «ኩሩ»፣ «ዓይነ አፋር»፣ «ዝንጉ» እያልን የምናልፋቸውን ሰዎች ሥራቸውን አይተን ብናሠራቸው፣ ስንቱ ከደላላ እጅ ይተርፍ ነበር?

ልብስ ሰፊውን ወንድሜን ትናንት አገኘሁት። ብዙ አላወራንም፤ ሁለታችንም ደስ አለን። ማሽኑን እስካሁን አልሸጠም። ደላላው መልስ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የሚጠብቀው። አብረን አንድ ማስታወቂያ ጽፈናል፦

«ሱሪ ማሳጠር 150፣ ዚፕ መቀየር 200 ሺሊንግ። ጠዋት የመጣ ማታ ይደርሳል። ልኬት ወስጄ እጽፋለሁ፣ ብዙ አላወራም።»

ኢስሊና አካባቢው ያላችሁ፣ የሚያጥር ሱሪ፣ የተበላሸ ዚፕ የሌለው ቤት የለም። እስከ ወሩ መጨረሻ አሥር ሰው ከሄደለት ማሽኑ አይሸጥም። አድራሻውን ኢንቦክስ ጠይቁኝ። ሼር አድርጉት።

እንደኛ የሆናችሁም፣ ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ እንደኛ የሆነባችሁም ጻፉልኝ። መልስ እዘገይ ይሆናል እንጂ አልቀርም። አደራ፣ እንዳትደውሉ።