ታሪክ ነኝ ባይ ተረትና ተረት ነኝ ባይ ታሪክ

ለሕፃናት መጻፍ የቀላል ብዕር ሥራ ነው የሚለው አመለካከት ሥር የሰደደ ነው። ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚመጣና በመምህራን ዘንድ ሳይቀር ተደማጭነት ያለው ሌላ አስተያየት አለ። ይኸውም ታሪክና ምናብ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ መገናኘት የለባቸውም፣ ከተገናኙ ሕፃኑ የሆነውን ካልሆነው መለየት ይሳነዋል የሚል ነው። አስተያየቱ በቅን ልቦና የተሰነዘረ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጠላቱን በትክክል አላወቀም። የሕፃናትን የታሪክ ግንዛቤ የሚመርዘው ተረትነቱን በግልጽ የሚናገር ተረት ሳይሆን፣ የታሪክ ካባ ደርቦ በአደባባይ የሚንጎራደድ ተረት ነው። ለዚህም በአሜሪካ ቤዝቦልን፣ ታሪክንና ምናብን አዋሕደው ለሕፃናት የሚጻፉት መጻሕፍት ጉልህ ማስረጃ ይሆናሉ።

ቤዝቦል ዘጠኝ ዘጠኝ ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች የሚጋጠሙበት፣ አንዱ የወረወረውን ኳስ ሌላው በዱላ መትቶ በየማረፊያው እየረገጠ ወደ ተነሣበት ለመመለስ የሚሮጥበት ጨዋታ ነው። ውጤቱ በዝርዝር እየተመዘገበ ከመቶ ዓመት በላይ ስለቆየ፣ ለአሜሪካውያን ከመዝናኛነት አልፎ አገራቸው ስለ ራሷ የምትተርክበት መዝገብ ሆኗል። መዝገብ ባለበት ደግሞ መዝገቡን ለራሱ የሚያመች አድርጎ የሚጽፍ አይጠፋም።

አስቀድሞ የአዋቂዎቹን ተረት መመልከት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1905 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የቀድሞው ተጫዋችና የስፖርት ዕቃ ነጋዴ አልበርት ስፖልዲንግ ባነሣው ሐሳብ መሠረት የጨዋታውን አመጣጥ የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩም አብርሃም ሚልስ ነበር። ስፖልዲንግ የፈለገው የምርምር ውጤት ሳይሆን የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ትውልደ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ሄንሪ ቻድዊክ ቤዝቦል ራውንደርስ ከተባለው የእንግሊዝ ልጆች ጨዋታ የመጣ ነው ማለቱን ሊቀበለው አልቻለም። ኮሚሽኑም በ1907 መጨረሻ፣ በእርስ በርሱ ጦርነት ስሙ የታወቀው ጄኔራል አብነር ደብልዴይ ጨዋታውን በ1839 ኩፐርስታውን በተባለች የኒውዮርክ መንደር ፈጠረ ሲል በየነ። ዋናው ምስክር በተባለው ዓመት የ5 ዓመት ሕፃን የነበረና ቃሉን ሲሰጥ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ደብልዴይ በ1839 በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ዕጩ መኮንን ነበር፤ በ1893 እስኪሞት ድረስም ጨዋታውን የፈጠርሁት እኔ ነኝ ያለበት ጽሑፍ አልተገኘም። ይህ ሁሉ ግን የቤዝቦል የክብር አዳራሽ በ1939 በዚያችው መንደር እንዳይከፈት አላገደውም። የአገሪቱ ፖስታ ቤትም የመቶኛ ዓመቱን መታሰቢያ ቴምብር አሳትሟል።

ምጸቱ ከዚህ ላይ ነው። ቤዝቦል የሚለው ቃል ታትሞ ከተገኘባቸው ጥንታዊ ጽሑፎች ቀዳሚው ጆን ኒውበሪ በ1744 ለንደን ውስጥ ያሳተመው የሕፃናት መጽሐፍ ነው። ሊቃውንት ነን ያሉት ተረት ሲጽፉ እውነቱ ተቀምጦ የኖረው በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ነው። እንግዲህ ሕፃናትን ከሐሰት ለመጠበቅ ሲባል መታገድ የነበረበት የቱ ኖሯል?

ሕፃን የምናብን ጠባይ አያውቅም የሚሉ ወገኖች ሕፃን ያልሰሙ ናቸው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ፣ ከዚያች ቃል በኋላ ጅብና አንበሳ እንደ ሰው ሸንጎ ተቀምጠው እንደሚሟገቱ ያውቃል፤ ሲነጋ ግን ጅብን ሰላም ሊል ከቤት አይወጣም። ውሉ በአፍ የታሰረ ውል ነው። ከ1839ኙ ተረት የጎደለውም ይኸው ውል ነው።

ዳን ጉትማን ከ1997 እስከ 2015 ባሳተማቸው አሥራ ሁለት ተከታታይ መጻሕፍት ውሉን አክብሯል። ባለታሪኩ ጆ ስቶሻክ የተባለ ልጅ አሮጌ የተጫዋች ካርድ በእጁ ሲይዝ ካርዱ ወደ ታተመበት ዘመን ይወሰዳል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ወደ 1909 የሚያሻግረው የሆነስ ዋግነር ካርድ ነው። የትምባሆ ኩባንያ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ እየከተተ ይሸጠው የነበረው ይህ ካርድ ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ታሪኩ በገንዘብ ጉጉት መጀመሩ የሚያስመሰግን አይደለም። ይሁንና ልጁ ካርዱን ያገኘው የአንዲት አሮጊት ጎረቤቱን ጣሪያ ሥር ሲያጸዳ ስለሆነ፣ ጉጉቱ ወዲያው የኅሊና ክስ ይሆናል። በ2005 በታተመው ክፍል ደግሞ ልጁ ወደ 1863ቱ የጌቲስበርግ ጦርነት የሚሄደው ደብልዴይን ራሱን ፊት ለፊት አግኝቶ ስለ ጨዋታው ለመጠየቅ ነው። በየመጽሐፉ መጨረሻም ደራሲው እውነቱንና ፈጠራውን ለይቶ ለአንባቢው ያስረዳል። ኮሚሽኑ ያልፈጸመውን የሐቀኝነት ግዴታ የልጆች ደራሲ ፈጸመው።

ነገር ግን ውልን ማክበር ብቻውን በቂ አይደለም። በ1999ኙ «ጃኪና እኔ» ነጩ ልጅ ወደ 1947 ሲሻገር ራሱን ጥቁር ሆኖ ያገኘዋል። ጃኪ ሮቢንሰን በአፕሪል 15 ቀን ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ የቀለሙን አጥር የሰበረበት ዓመት ነው። ዘዴው ብርቱ ነው፤ ስድብና መገለልን ልጁ ስለ ሌላ ሰው እንደሚነገር ወሬ ሳይሆን በገዛ ቆዳው ይቀምሰዋል። ድክመቱም ከብርታቱ ጋር አንድ ላይ የተሰፋ ነው። ጆ ካርዱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሌሎቹ የሚመለሱበት ካርድ አልነበራቸውም። መጽሐፉን የሚያነበው ጥቁር ሕፃን፣ ዘር ማንዘሩ በአሜሪካ የኖረም ይሁን ከአዲስ አበባ ሄደው ዋሽንግተን ከሰፈሩ ወላጆች የተወለደ፣ ቆዳ ለውጦ መጎብኘት አያስፈልገውም። ለእርሱ የሚያስፈልገው አጥሩን ማን እንዳጠረው ማወቅ ነው።

የብዙ መጻሕፍት ውድቀት ከዚህ ላይ ይጀምራል፤ ለዚህም ተጠያቂው ምናብ አይደለም። አንድ ደግ የቡድን ኃላፊ በሩን ከፈተ፣ አንድ ጀግና ገባ፣ ነገሩም አለቀ የሚለው አተራረክ አንድም አስማት የሌለበት ሆኖ ከአስማት ሁሉ የራቀ ነው። በሩ ሲዘጋ ያየ ሰው ነበረ። ሞዝስ ፍሊትውድ ዎከር በ1884 ለቶሊዶ በከፍተኛው ደረጃ ተጫውቷል፤ በ1887 ግን የኢንተርናሽናል ሊግ ባለቤቶች ከእንግዲህ ጥቁር ተጫዋች እንዳይፈረም ወሰኑ። አጥሩ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን ድምፅ የተሰጠበት ውሳኔ ነበር። ጥቁሮቹም እጃቸውን አጣጥፈው ደግ ሰው አልጠበቁም፤ በ1920 ሩብ ፎስተር ካንሳስ ሲቲ ላይ የራሳቸውን ሊግ አቋቋመ። ዌንደል ስሚዝን የመሰሉ የጥቁር ጋዜጦች ጸሐፊዎች ለዓመታት ወተወቱ። ደጉ የተባለው ብራንች ሪኪ ሮቢንሰንን ሲወስድ ለካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ አንድ ሳንቲም አልከፈለም። ምርጥ ልጆቻቸው እየተወሰዱባቸው የጥቁሮቹ ቡድኖች ተመናመኑ፤ በ1948 ማብቂያ ላይም የኔግሮ ናሽናል ሊግ ፈረሰ። ቦስተን ሬድ ሶክስ የመጀመሪያ ጥቁር ተጫዋቹን ያሰለፈው ከሮቢንሰን 12 ዓመት በኋላ በ1959 ነው። ይህን የመሰለ ታሪክ ለልጅ ይከብዳል ይባል ይሆናል። ለልጅ የሚከብደው የሰው ክፋት አይደለም፤ እርሱንማ ከተረቱ ጅብ ጀምሮ ያውቀዋል። የሚከብደው ትልልቆች የሚደብቁት ነገር እንዳለ እየተሰማው ስሙን አለማወቁ ነው።

የምናብ ደራሲ ከባዱ ፈተና ጆሽ ጊብሰን ነው። ከዘመኑ መቺዎች ሁሉ የሚፈራው ይህ ሰው በጃንዋሪ 20 ቀን 1947፣ ሮቢንሰን ሜዳ ከመግባቱ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በ35 ዓመቱ ሞተ። ደራሲ በብዕሩ ሊያድነው ይችላል፤ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ኤቤትስ ሜዳ ላይ አቁሞ ኳሷን ከአጥሩ በላይ ሊያስመታው ይችላል። ይህን የሚከለክል ሕግ ሊኖርም አይገባም። ነገር ግን ልጁ መጽሐፉን ሲዘጋ ጊብሰን ተክሷል ብሎ ከተኛ፣ ደራሲው የሚልስን ኮሚሽን ሥራ በአማረ ቋንቋ ደግሞታል ማለት ነው። ጊብሰንን የሚያስመታው ደራሲ ከምቱ በኋላ ወንበሩ ባዶ መሆኑንም ማሳየት አለበት። ጉትማን በ2002ቱ መጽሐፍ ይህን የተረዳ ይመስላል፤ ልጁ የ1919ኙን የውድድር ማጭበርበር ለማስቀረት ይሄዳል፣ አይሳካለትምም።

መዝገቡም ቢሆን የተዘጋ አይደለም። በዲሴምበር 2020 የጥቁሮቹ ሊጎች ከከፍተኛ ሊጎች እኩል መሆናቸው በይፋ ታወቀ፤ በሜይ 2024 ውጤታቸው ከጠቅላላው መዝገብ ጋር ተዋሐደ። ጊብሰንም ከ1000 ዕድል በአማካይ 372 በመምታት 367 የነበረውን ታይ ኮብን ከአንደኝነት አወረደው። የተለወጠ ሙታንን የሚያስነሣ ካርድ የለም፤ ተደብቆ የኖረ ወረቀት ተገልጦ ተቆጠረ እንጂ። ወረቀቱን ከየጋዜጣው ሲለቅሙ ዓመታት ያሳለፉ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ የእነርሱን ሥራ የምናቡ ሞተር አድርጎ የሚጽፍ የልጆች ደራሲ ሰፊ ሜዳ ይጠብቀዋል።